ቀይ ክር ያለው ኩባያ

ስለ ጀርም ማንም ሊያስተምረኝ እንዳይነሣ። በዐይኔ አይቼዋለሁ። ያየሁትም የሌላ ሰው አልነበረም፤ የራሴ፣ ከራሴ ሆድ የወጣ ነው።

ካርቱም በገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት ማዮ ሰፈር ከአንዲት የወሎ ሴት ጋር አንዲት ጭቃ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ውሃ የሚያመጣልን በአህያ ጋሪ በርሜል ጭኖ የሚዞር ሰውዬ ነው። ውሃው ወተት የነካው ሻይ ይመስላል። በባልዲ አስቀምጠን፣ ጭቃው ሲዘቅጥ ከላይ ከላዩ ቀስ ብለን እንቀዳና፣ ኩልል ያለ ውሃ ጠጣን ብለን እሷ በሷ እኔ በኔ ፈጣሪያችንን እናመሰግናለን። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ። ግሳቴ የገማ እንቁላል መሽተት ጀመረ። ሰው ፊት አፌን መክፈት አፈርኩ። ቀሚሴ እላዬ ላይ እስኪዞር ድረስ ከሳሁ። እትዬ የሰው ዐይን በልቶሽ ነው አለችኝ። ምኔ ታይቶ አልኳት።

በማግስቱ ሰፈራችን ውስጥ ወዳለች አንዲት መዕመል ሄድኩ። መዕመል የሚሉት ላቦራቶሪውን ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ መነጽሩ የወፈረ ሽማግሌ ያለባት ክፍል ነበረች። እኔም በአገሬ ወግ ናሙናዬን በክብሪት ቀፎ አድርጌ፣ ቀፎውን በወረቀት ጠቅልዬ አቀረብኩለት። ጤና ጣቢያ እንዲህ ነበር የምንሄደው፤ ሌላ ዕቃ ያለው አይመስለኝም ነበር። ሽማግሌው ወረቀቱን ፈታ፣ ቀፎውን ገለበጠ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና "ሐበሽያ፣ ሲጋራውስ የታለ?" አለኝ። ሳቁ የንቀት ስላልነበረ እኔም ሳቅሁ። ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጥቶ እንደገና ላከኝ።

ውጤቱን በወረቀት ብቻ ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። እሱ ግን ነይና እዪው አለኝ። አንድ ዐይኔን ጨፍኜ በአጉሊ መነጽሩ ላይ አጎነበስኩ። መጀመሪያ የታየኝ የራሴ ሽፋሽፍት ነበር። ቆይቶ ብርሃኑ ጠራና፣ ብዙ ፍርፋሪ መሃል አንድ ነገር ከዛፍ እንደ ወደቀ ቅጠል እየተወዛወዘ ሲያልፍ አየሁ። ፊት ለፊቱ ሁለት ዐይን የሚመስል ነገር አለው። እትዬ ዐይን ነው ያለችው ለካ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ሽማግሌው ስሙ ጃርዲያ እንደሆነ፣ ጭቃው ቢዘቅጥም እሱ እንደማይዘቅጥ፣ ውሃን እሳት ላይ ጥዶ ከማፍላት በቀር ማዮ ውስጥ ሌላ መላ እንደሌለው ነገረኝ። ለምን እኔን ብቻ፣ እትዬም እኮ ከዚያው ባልዲ ነው የምትጠጣው፣ ብዬ ጠየቅሁት።

"አንቺን አያውቅሽም" አለኝ። "ሐበሻ፣ ሱዳኒ፣ ሀብታም፣ ድሃ አይልም። ኢቃማም አይጠይቅም። አፍ ካገኘ ይገባል፤ አንዱን ያሳምማል፣ አንዱን ይተዋል።"

ካርቱም ውስጥ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የማይጠይቅ ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ያዘዘልኝን መድኃኒት ጨርሼ ዳንኩ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ያልፈላ ውሃ በአፌ አልዞረም። እሳት ካየው ምን ለየው ይባል የለ? አፈላለሁ፣ አቀዘቅዛለሁ፣ በላስቲክ ጠርሙስ እሞላለሁ፣ ጠርሙሱን በራሰ ጆንያ ጠቅልዬ ጥላ ስር እሰቅላለሁ። ነፋሱ ሲመታው እንደ ምንጭ ይቀዘቅዛል። እትዬ በጣም ስቃብኛለች፤ ኋላ ግን እሷም ከዚያው ትቀዳ ጀመር።

በሁለተኛው ዓመት ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ውስጥ አንድ ትልቅ ቤት ተቀጠርኩ። እመቤቲቱ አስተማሪ ናት፤ ሰው ሁሉ ኡስታዛ ነው የሚላት፣ እኔም እንደዚያው። ክፉ ሴት አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ክፉን ሰው ጥሎ መሄድ ነው። ሦስት ልጆች ነበሯት፤ ትንሿ የአራት ዓመት ልጅ ስትሆን ከኔ ቀሚስ አትለይም። ከሰዓት በኋላ እናቷ ስታርፍ እኔና እሷ የጓሮው ጥላ ስር እንቀመጣለን፤ ጠርሙሴን ከጆንያው አውጥቼ በቆርቆሮ ኩባያ እቀዳና እኔ ግማሹን እሷ ግማሹን እንጠጣለን። ከፍሪጁ ውሃ የኔን ትመርጥ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

የዚያ ቤት ሌላው ውሃ ደግሞ ደጅ ነው ያለው። የውጭው በር አጠገብ ኒም ዛፍ ስር፣ ብረት መቆሚያ ላይ ሁለት የሸክላ ጋን ተቀምጧል። ዚር ይሉታል። የእንጨት ክዳን አለው፤ ኮዝ የሚሏት የቆርቆሮ መጨለፊያ በሰንሰለት ታስራለች። የደከመው መንገደኛ፣ ግንበኛው፣ የረክሻ ነጂው፣ ዘበኛው፣ ሁሉም ክዳኑን ከፍቶ በኮዟ ጨልፎ ጠጥቶ፣ ለሟቿ ምሕረት ለምኖ ያልፋል። ሟቿ የኡስታዛ እናት ናቸው፤ ዚሩ ለነፍሳቸው የቆመ ሰደቃ ነው። ጠዋት ጠዋት በጎማ መሙላት የኔ ሥራ ነበር። ሕጉ ግን ጥብቅ ነው። ዚሩ ተሞልቶ ይጨመርበታል እንጂ አይደፋም፤ ሰደቃ መሬት ላይ አይፈስም። ውስጡም አይፈገፈግም፤ ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ያ አረንጓዴው ልባስ ነው፣ እናቴ እንዲህ ነበር የምትለው ብላኛለች ኡስታዛ።

ከዕለታት አንድ ቀን ጎረቤት የምትሠራ ያገሬ ልጅ ሳል ጠንቶባት ከሥራዋ ተባረረች። በሳምንቱ ሴቶቹ ለሻይ ሲሰበሰቡ ወሬው እሱ ብቻ ሆነ። እኔ ትሪ ይዤ እየገባሁ እየወጣሁ፣ ሐበሾች በሽታ ይዘው እንደሚመጡ፣ ዕቃቸው መለየት እንዳለበት እሰማለሁ። ዐረብኛ የማላውቅ ይመስል። በማግስቱ ኡስታዛ ያችን የቆርቆሮ ኩባያ አነሣች፣ እጀታዋ ላይ ቀይ የሱፍ ክር ሦስት ጊዜ ጠምጥማ አጥብቃ አሰረችና ሰጠችኝ። ይህ ያንቺ ነው፣ ሌላ ሰው እንዳይነካው፣ ልጅቷም ካሁን በኋላ ካንቺ እንዳትጠጣ አለችኝ። የተናገረችው ምሳ ምን እንደሚሠራ በምታዘኝ ድምፅ ነበር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ መልስ አለው።

ሳስበው ያቃጥለኝ የነበረው እጄ ነው። በዚያ ቤት ሊጡን የሚያቦካው፣ ሰላጣውን የሚከትፈው፣ ልጅቷን የሚያጥበው፣ ሁሉም የኔ እጅ ነው። እጄ ሲያቦካ ንጹሕ፣ አፌ ሲጠጣ ነጃሳ! ለእትዬ ይህን ስነግራት ዝም አይነቅዝም አለችኝ። ዝም ባይነቅዝ ሰው ይነቅዛል ብዬ መለስኩላት። ግን ዝም አልኩ፤ ሥራ ነው።

ዝም ማለቴ በሌላ በኩል ወጣ። ካሕረባው፣ መብራቱ ማለት ነው፣ የጠፋበት አንድ ቀትር ነበር፤ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ ሞቋል። ልጅቷ እንደለመደችው ጠርሙሴን እያየች ውሃ አለች። እናትሽ ከልክላለች አልኳት። አለቀሰች፤ እግሬ ላይ ተጠመጠመች። ያኔ የታሰረብኝ ክር ትዝ አለኝ። እጇን ይዤ በር ድረስ ወሰድኳትና ከዚሩ በኮዟ ጨልፌ ሰጠኋት። ጠጪ፣ ይሄኛው የእናትሽ ነው አልኳት። ውሃው መጥፎ መሆኑን አላሰብኩም። እኛስ ጸበል ያሳምማል የሚል ሰው ብንሰማ ዝም እንላለን? የተባረከ ውሃ ነው፣ መንደሩ ሁሉ ይጠጣዋል። የሰጠኋት ግን ባርኬ አልነበረም፤ ከንዴቴ ነው። እዚህ ላይ ራሴን አልሸፍንም። ከዚያ በኋላ ልጅቷ መንገዱን ለመደችው፤ ብረቱ ላይ ቆማ ራሷ ትጨልፍ ጀመር።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ልጅቷ ሆዷን ያዘች። ተቅማጡ ይመጣል፣ ይሄዳል። ፊቷ ገረጣ፣ ምግብ ጠላች። አንድ ጠዋት ልብሷን ሳለብሳት ፊቴ ላይ አገሳች። ያንን ሽታ ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም። ሮጬ ሄጄ ኡስታዛን ጠራኋትና ይህ ጃርዲያ ነው፣ ዛሬውኑ አስመርምሪያት አልኳት። ኡስታዛ መነጽሯን ከራሷ ላይ አውርዳ አደረገችውና ከየት አወቅሽው አለችኝ። ከራሴ፣ ማዮ እያለሁ ይዞኝ ነበር አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምን እንደሠራሁ ገባኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ልጅቷን ለማዳን የተናገርኩት የኔ ፍርድ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ አስቀመጠችኝ። ልጅቷ ተመርምራ ጃርዲያ ነው ተብሏል። አንቺም እዚሁ ዐማራት ካለው መዕመል ትመረመሪያለሽ፣ ከተገኘብሽ ዛሬውኑ ትሄጃለሽ፣ ካልተገኘብሽም ወሩን ጨርሰሽ ትሄጃለሽ አለች። ከሥራው ይልቅ ያስፈራኝ ስሙ ነበር። ልጅ ያሳመመች ሐበሽያ ተብላ ከዐማራት የወጣች ሴት ሌላ ቤት አትገባም፤ ወሬው ከሷ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ደግሞም ልጅቷ አለች። ሄድኩ፣ ተመረመርኩ፣ ንጹሕ ሆኜ ወጣሁ። ኡስታዛ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ ተደብቆ ይሆናል አለች። እንግዲያው ሦስት ጊዜ ልመርመር አልኳት፤ ሦስት ጊዜ ተመረመርኩ። ሦስቱንም ወረቀት የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ልክ ክር ያለው ኩባያዬ ከተሰቀለበት በላይ ለጠፍኳቸው። አንሺው ብትለኝ አላነሣም ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አላለችኝም።

ልጅቷ የተሰጣትን መድኃኒት ጨርሳ ዳነች። ዐሥር ቀን ሳይሞላ ያ ሽታ ተመለሰ። አሁን ነገሩ ከንዴት አልፎ አሳሰበኝ። መድኃኒቱ አስወጥቶታል፤ እንደገና ከገባ በአንድ በር ነው የገባው። በሩ እኔ አይደለሁም፣ ሦስት ወረቀት አለኝ። እንግዲህ የልጅቷ አፍ የሚነካውን ሁሉ መከተል ጀመርኩ። ሁለተኛው ቀን ላይ በሩ ተከፍቶ ደጁን አየሁ። አንድ ግንበኛ ውሃ ጠጥቶ የተረፈውን ከነኮዙ ዚሩ ውስጥ መለሰው፤ እጁ እስከ አንጓው ውሃው ውስጥ ገባ። እሱ ሳይርቅ ልጅቷ ብረቱ ላይ ወጥታ ያንኑ ኮዝ አነሣች።

ከእጇ ቀምቼ ወደ ቤት ላክኋትና ክዳኑን ከፍቼ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ነከርኩ። ከታች ያገኘሁት እንደ አብሽ የሚያዳልጥ ነገር ነው። የወፍ ላባ፣ የኒም ቅጠል፣ ስሙን የማላውቀው ዝቃጭ። ከጎኑ በጥፍሬ ፍቄ በጠርሙስ ሞላሁ። በዕረፍት ቀኔ ማዮ ድረስ ወርጄ ለዚያ ሽማግሌ ሰጠሁት። እሱም አየ፣ እኔንም አሳየኝ። የካርቱም ትልቁ ገበያ ሱቅ ዐረቢ በሥራ ቀን እንኳ እንደዚያ አይተራመስም። ያው፣ አገኘሁት ብዬ ጮኽኩ።

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። እነዚህ አብዛኞቹ ማንንም የማይነኩ ናቸው፣ ያንቺን ጃርዲያ እዚህ ውስጥ አላየሁትም፣ ውሃ ውስጥ ማግኘቱም አስቸጋሪ ነው አለኝ።  "ግን የለም ብዬ አልምልልሽም" አለ። "መቶ እጅ የሚገባበት ውሃ ነው። አንዱ እጁን ሳይታጠብ ቢመጣ ይበቃል። ዚሩን ዝጊው፣ ልጅቷን ጠብቂ። እሷ ትመልስልሻለች።"

በሃፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ስመለስ ተንኮል አስቤያለሁ። ዚሩን ቀስ ብዬ አጥቤ፣ ልጅቷን በስውር የፈላ ውሃ አጠጥቼ፣ ያጠጣኋት እኔ መሆኔን በሆዴ ይዤ መኖር እችል ነበር። እትዬም ይህንኑ ነው የመከረችኝ። ግን እንዲህ ከሆነ ልጅቷ ትድናለች፣ ክሩም ይቀራል፤ የኔን ስም የሚያጥበው የለም። ደግሞ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሆንብኛል።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱንም ዚር አጋድሜ ደፋኋቸው። ውሃው መንገዱን አቋርጦ ሄደ። በአሸዋና በብሩሽ ፈገፈግሁ፣ የፈላ ውሃ ቸለስሁበት፣ አፋቸውን ደፍቼ ለፀሐይ ሰጠኋቸው። ኡስታዛ ቶቧን፣ ያን የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ልብስ፣ እየለበሰች ወደ ሥራ ልትሄድ ስትወጣ ቀሚሴ ከላይ እስከ ታች ርሶ፣ ክንዴ አረንጓዴ ሆኖ አገኘችኝ። ዐረብኛ አንቱታ የለውም፤ ያን ቀን ለዚህ አመሰገንኩት።

"የእናቴን ሰደቃ መሬት ላይ ደፋሽው?" አለችኝ። 

"ደፋሁት" አልኳት። "ልጅሽን የሚያማት ከዚህ ነው። ያጠጣኋትም እኔ ነኝ። ከኔ ኩባያ እንዳትጠጣ ስላልሽ ተናድጄ እዚህ አምጥቼ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። እኔ የምጠጣው አፍልቼ ነው። በዚህ ቤት ንጹሑ ኩባያ አንቺ ክር ያሰርሽበት ነው።"

ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እጇ ተነሥቶ አፏ ላይ ቀረ። ልጅቷ ጫማ ሳታደርግ ደረጃው ላይ ቆማ ታየን ነበር፤ እናቷ ዞረችና ውሃ ከየት ነው የምትጠጪው አለቻት። ልጅቷ ዚሩን አመለከተች። ከዚያ ወደ እኔ አመለከተች።

"በፊት ከሷ ነበር" አለች። "አንቺ ወስኻን ነው አልሽ።" ቆሻሻ ማለቷ ነው።

ኡስታዛ ወጥታ ሄደች። ቀኑን ሙሉ ልብሴን ሰብስቤ ጠበቅኋት። ስትመለስ በአንድ እጇ የልጅቷን መድኃኒት፣ በሌላው አዲስ ትልቅ ድስት ይዛ ነበር። ድስቱን ምድጃው ላይ አስቀመጠችና እየሞላሁ እንዳፈላበት ነገረችኝ፤ ለቤቱ ሁሉ። በሳምንቱ ከታች ቧንቧ የተገጠመለት፣ እጅ የማይገባበት ዚር በሩ ላይ ተተከለ። ኮዟ ቀረች፤ መንገደኛው በየራሱ ዕቃ ወይም በመዳፉ ይቀዳል። ለሟቿ የሚለመነው ምሕረት ግን አልቀነሰም። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ተመረመረች፤ ሁለቱም ንጹሕ። ወረቀቶቿን ከኔዎቹ ጎን ለጠፍኳቸው።

ወሩ አለቀ፤ ሂጂ ያለኝ የለም። ይቅርታም ያለኝ የለም። ኩባያዬ ክሯን እንዳሰረች ሚስማሯ ላይ ተሰቅላ ቀረች፤ እኔም በየቀኑ ሰው እያየኝ እጠጣባት ነበር። ልጅቷ ከክሩ ስጪኝ ትለኛለች፣ እሰጣታለሁ፣ እናቷ አይታ እንዳላየች ታልፋለች። ዛሬ ያ ቤት ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ጦርነቱ ያን ሰፈር እንዴት እንዳደረገው ሁሉም ያውቃል። አንዲት ቀትር ግን ዛሬም በልቤ አለች።

ድስቱን እያጠብኩ ነበር። ኡስታዛ ገብታ ወረቀቶቹን አየች፣ ኩባያዋን አየች።

"ያን ክር ፍቺው" አለችኝ።

እጄን በቀሚሴ አደረቅሁ። "አንቺ ነሽ ያሰርሽው" አልኳት። "አንቺው ፍቺው።"

 ከዚያ ኩባያዋን ከሚስማሩ አወረደችና በጥፍሯ ትታገል ጀመር። ስንት ሳምንት የታጠበ የሱፍ ክር ነው፤ ቋጠሮው ጠብቆ ድንጋይ ሆኗል። ጥፍሯ ተሰበረ። ቢላው የት ነው አለችኝ። ድስቱን ማጠቤን ቀጠልኩ። ኩባያዋን ወደ አፏ አስጠጋች፣ ከንፈሯን እጀታው ላይ አድርጋ፣ ቋጠሮውን በጥርሷ ነክሳ በጠሰችው።

ቢላው መሳቢያው ውስጥ ነበር። አውቅ ነበር።